አንድ ዓመት አተርፋለሁ ብዬ፦ የእስያ ጥናት ባችለርና ማስተርስን አጣምሬ ስማር

ባችለርና ማስተርስን በአምስት ዓመት እጨርሳለሁ ብዬ ገባሁ። በአምስት ዓመት ተኩል ወጣሁ። ያቺ ግማሽ ዓመት የት እንደገባች ልንገራችሁ። ከኋላዬ ለምትመጡት ቢያንስ እሷ ትትረፋችሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ። አሜሪካ ውስጥ "አራት ሲደመር አንድ" ይሉታል። ባችለር ብዙ ጊዜ 120 ክሬዲት ነው፤ ማስተርስ ደግሞ 30 አካባቢ። ለየብቻ ብትማሯቸው 150 ይሆናል። ሲጣመሩ ግን አራተኛ ዓመት ላይ የተወሰኑ የማስተርስ ኮርሶች ትወስዱና ለሁለቱም ዲግሪ ይቆጠሩላችኋል። እኔ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ እስከ 12 ክሬዲት ይፈቅድ ነበር። የሚቀረው 18 ነው። ማስተርስ ላይ በሴሚስተር 9 ክሬዲት የሙሉ ጊዜ ተማሪ ስለሚያስብል፣ 18ቱ በሁለት ሴሚስተር ያልቃል። ወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም።

ጃፓንኛ የጀመርኩት አንደኛ ዓመት ላይ፣ ከዜሮ ነው። ፍቅር ይዞኝ አልነበረም። የውጭ ቋንቋ መውሰድ ግዴታ ነበረና ሰዓቱ የተመቸኝ እሱ ሆነ። ከገባሁ በኋላ ግን ጣመኝ። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱት የክፍል ጓደኞቼ በዓረፍተ ነገሩ አሠራር ሲንገላቱ እኔ እንደ ውሃ ይፈስልኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አማርኛ ተናጋሪ ወዲያው ይገባዋል። ጃፓንኛም ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። "ትናንት የመጣው ሰው" ለማለት "ኪኖ ኪታ ሂቶ" ይላሉ። ትናንት፣ የመጣ፣ ሰው። ቅደም ተከተሉ የእኛው ነው። "አንተ"ን ከ"እርስዎ" እየለየ ያደገ ሰው የአክብሮት ግሶቻቸውም እምብዛም አያስደነግጡትም። ኮሪያንኛ የምትማሩም ይህንኑ ታገኙታላችሁ። ቻይንኛ ላይ ግን አትመኩ፤ እዚያ ግሱ ከተሳቢው ይቀድማል።

ያሳሳተኝ ይኸው ምቾት ነው። አፌ ቶሎ ሲፈታ ቋንቋውን የያዝኩት መሰለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ አለ። ያኔ ማንም አልሠራልኝም፣ እኔም አልሠራሁትም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ቋንቋዎችን እንደ ክብደታቸው መድቧቸዋል። አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አማርኛን ለሥራ በሚያበቃ ደረጃ ለመያዝ 1,100 ያህል የክፍል ሰዓት ይፈልጋል ይላል። ጃፓንኛ፣ ቻይንኛና ኮሪያንኛ ደግሞ 2,200። እጥፍ ማለት ነው። አሁን ወደ ራሳችሁ ክፍል ተመለሱ። በሳምንት 5 ሰዓት፣ በዓመት 30 ሳምንት ብንል 150 ሰዓት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሳታቋርጡ ብትማሩ 600። ከ2,200 ውስጥ 600! እኛ በሰዋስው በኩል ትንሽ ይቀለን ይሆናል። ጃፓኖቹም የሚጽፉበትን የቻይናውን ፊደል ግን ማንም አይቀንስልንም። የጃፓን መንግሥት ለዕለት ተዕለት ንባብ ያስፈልጋሉ ብሎ የዘረዘራቸው ብቻ 2,136 ናቸው።

ማስተርስ ላይ ደግሞ የሚፈለግባችሁ ማንበብ ነው። ስለዚህ የተጣመረው ፕሮግራም ቆርጦ የሚያተርፍላችሁ ዓመት ቋንቋው የሚበስልበት ዓመት ነው። ኢኮኖሚክስ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚያጣምር ሰው ይህ ችግር የለበትም። ለእኛ ግን ዋናው ጣጣ እሱ ነው።

ሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ላይ አንድ ዓመት የሚቀድመኝ ልጅ ስለ ፕሮግራሙ ነገረኝ። "አንድ ዓመት ታተርፋለህ፣ ምን ትፈልጋለህ?" አለኝ። ምንም አልፈለግኩም። በማግስቱ ሄጄ ፎርሙን ወሰድኩ። ማመልከቻው የሚገባው ሦስተኛ ዓመት፣ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ነው። ጂፒኤ ከ3.3 በላይ፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ፣ አንድ ጥሩ የሴሚናር ጽሑፍና የቋንቋ ማስረጃ ይጠይቃል። ለጃፓንኛ ማስረጃው በዓለም አቀፉ የጃፓንኛ ፈተና "ኤን 2" የሚባለውን ደረጃ ማለፍ ነበር። ፈተናው አምስት ደረጃ አለው፤ ቀላሉ ኤን 5፣ ከባዱ ኤን 1 ነው። ችግር የለም አልኩ። ሦስተኛውን ዓመት ጃፓን፣ ኪዮቶ በተማሪ ልውውጥ ላሳልፍ ነበርና ቋንቋው እዚያ ያልቅለታል ብዬ ነው።

ስለ ኪዮቶ ከተማ ልጽፍ ብል ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ልለፈው። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ አወራሁ። ከጎረቤት፣ ከአብረውኝ ከሚማሩት፣ ባቡር ላይ አጠገቤ ከተቀመጠ ሽማግሌ ጋር ሳይቀር። ጋዜጣ ግን አላነበብኩም። በወሬ የጎበዘ ሰው ማንበቡም አብሮ የሚያድግ ይመስለዋል። አያድግም።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ኤን 2 ተፈተንኩ። ውጤቱ ጥር መጨረሻ በኢንተርኔት ወጣ። ድምሩን አየሁት፤ ከ180 ውስጥ 94። ማለፊያው 90 ነው። ከወንበሬ ብድግ ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ከሥር ያለውን መስመር አነበብኩ። "አላለፉም" ይላል። ስህተት መሰለኝና ገጹን እንደገና ከፈትኩት፤ ያው ነው። ለካ ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ከ60 ይታረማል። ድምሩ የፈለገውን ያህል ቢሆን ከሦስቱ አንዱ ከ19 በታች ከሆነ ወድቀሃል። የቋንቋ እውቀት 36፣ ማዳመጥ 41፣ ንባብ 17። በሁለት ነጥብ! ሀሞቴ ፍስስ አለ።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ። ፈተናው ጃፓን ውስጥ በዓመት ሁለቴ፣ ሐምሌና ታኅሣሥ ላይ ይሰጣል። ሐምሌ ላይ እዚያው ነበርኩ፤ መድገም እችል ነበር። ምዝገባው ግን ወራት ቀድሞ ይዘጋል። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን አኩርፌ ነበር። ራሴን ላለማየት የፈተናውን ገጽ ሳልከፍት ከረምኩ። ሳስታውስ ተዘግቷል። አሜሪካ ውስጥ በዓመት አንዴ፣ ታኅሣሥ ላይ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ አኩርፉ ግን ተመዝግባችሁ አኩርፉ።

ማመልከቻውን ከኪዮቶ ሆኜ ላክሁ። ዲፓርትመንቱ በቅድመ ሁኔታ ተቀበለኝ፤ አራተኛው ዓመት ሳያልቅ ኤን 2 ካላለፍክ ከፕሮግራሙ ትወጣለህ የሚል ደብዳቤ መጣ። ልውውጥ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የማመልከቻው ጊዜ እናንተ ባሕር ማዶ ባላችሁበት ወቅት ይውላል። ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን ከመሄዳችሁ በፊት በአካል አግኟቸው። ከሄዳችሁ በኋላ በኢሜይል መለማመጥ በጣም ያደክማል፤ እነሱ ሲነቁ እናንተ ትተኛላችሁ።

አራተኛው ዓመት ሲጀምር በቀን ግማሽ ሰዓት ንባብ ብቻ አልኩ። ያለ መዝገበ ቃላት፣ ሰዓት ይዤ። የጃፓኑ የሕዝብ ማሰራጫ ኤንኤችኬ ቋንቋ ለሚማሩ ሰዎች ቀለል አድርጎ የሚያወጣው ዜና አለ፤ ያኔ በነፃ ነበር። ለሁለት ወር እሱን አነበብኩ፣ ከዚያ ወደ እውነተኛው ጋዜጣ አለፍኩ። ታኅሣሥ ላይ አለፍኩ። ንባቡ 38 መጣ። ይኸው ነው ምስጢሩ፤ ሌላ ተአምር የለውም። አቅም ካላችሁና ክረምቱ ነፃ ከሆነ ደግሞ ተማሪው ሌላ ቋንቋ ላይናገር ቃል የሚገባባቸው የክረምት ትምህርት ቤቶች አሉ። ስሙ የገነነው ሚድልበሪ ነው፤ የጃፓንኛውና የቻይንኛው 8 ሳምንት ይፈጃል። የገንዘብ ድጋፍም ስለሚሰጥ ዋጋውን አይታችሁ አትሽሹ፤ አመልክቱ።

ቋንቋው ተቃለለ ብዬ እፎይ ስል ሬጅስትራር ቢሮ ጠራኝ።

ግማሽ ዓመቴን የበላው ይህ ነው፤ ስለዚህ በደንብ ልዘርዝረው። በአራተኛው ዓመት መጀመሪያ ሴሚስተር ሁለት ሴሚናር ወስጄ ነበር። አንዱ በቻይናው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ላይ፣ ሌላው ከ1910 እስከ 1945 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጃፓን ኮሪያን ስለገዛችበት ዘመን ነው። በሁለቱም ክፍል የማስተርስ ተማሪዎች አጠገቤ ተቀምጠው ይማሩ ነበር። አንድ ክፍል፣ አንድ መምህር፣ አንድ የንባብ ዝርዝር። ኮርሱ ግን ሁለት ቁጥር አለው፤ በ400 የሚጀምረው ለባችለር፣ በ500 የሚጀምረው ለማስተርስ። እኔ ባችለር ነኝ ብዬ 400ውን ነበር የተመዘገብኩት። የመመዝገቢያው ሲስተምም ቀድሞ ያሳየኝ እሱኑ ነው። ሠራተኛዋ ትራንስክሪፕቴን ወደ እኔ አዙራ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ሁለቱን ቁጥሮች አሳየችኝ። "እነዚህ አይቆጠሩልህም" አለች። "እኮ ያው ክፍል ነው! 25 ገጽ ጽፌያለሁ፣ እንደ ማስተርሶቹ" አልኳት። "አውቃለሁ፤ ቁጥሩ ግን 400 ነው" አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም። በፊቴ ስልክ ደውላ ለአለቃዋ ጠየቀችልኝ። መልሱ ያው ሆነ፤ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ቁጥር አይቀየርም።

6 ክሬዲት ቀለጠ። የሚቀረኝ 18 መሆኑ ቀርቶ 24 ሆነ። በሴሚስተር 12 ልውሰድ ብዬ አማካሪዬ ዘንድ ሄድኩ። "ቴሲስ እየጻፍክ 12? ለጤናህም ለቴሲሱም አይሆንም" አሉኝ። ልክ ነበሩ። እንግዲህ ያቺ ግማሽ ዓመት እዚህ ጋ ሄደች።

ስለዚህ ስትመዘገቡ የኮርሱን ስም ትታችሁ ቁጥሩን እዩ። የሚቆጠርላችሁ ኮርስ ሁሉ ሴሚስተሩ ሳይጀምር በጽሑፍ ይጽደቅላችሁ። ውጤቱንም ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ከቢ በታች ካመጣችሁ ለባችለሩ ቢቆጠርም ለማስተርሱ አይቆጠርም። ደግሞ የቋንቋ ኮርስ ሁሉ አይቆጠርም። ሦስተኛ ዓመት ጃፓንኛ ለማስተርስ ክሬዲት ይሆነኛል ብሎ አስቦ የደነገጠ ልጅ አውቃለሁ።

አምስተኛው ዓመት የገንዘብ ነው። ባችለር ስገባ ዩኒቨርሲቲው የሰጠኝ ስኮላርሺፕ ለ8 ሴሚስተር ነበር። 120 ክሬዲቱን ስሞላ በሲስተሙ ውስጥ የማስተርስ ተማሪ ሆንኩ። ነሐሴ ላይ የክፍያ ወረቀቱ መጣ፤ ስኮላርሺፑ የነበረበት መስመር ባዶ ነው። ማንም አላታለለኝም፤ መጀመሪያ በሰጡኝ ደብዳቤ ላይ ተጽፎ ነበር። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። የማስተርስ ክፍያ በክሬዲት ሲሰላ ከባችለሩ እንደሚበልጥም ያኔ ነው ያወቅኩት። የአሜሪካ ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ለባችለር ብቻ ስለሆነ ሁኔታችሁ ሲቀየር ይቆማል። በሌላ በኩል ለእናንተ የተከፈተ ለእኔ ግን የተዘጋ በር አለ። ፍላስ የሚባል፣ እንደ እስያ ያሉ የዓለም ክፍሎችንና ቋንቋዎቻቸውን ለሚያጠኑ ተማሪዎች ሲሰጥ የኖረ የፌደራል ድጋፍ ነው፤ መነሻው የ1958ቱ የመከላከያ ትምህርት ሕግ ነው። ሳትተማመኑበት በፊት ግን ዩኒቨርሲቲያችሁ በዚያ ዓመት የሚሰጠው መሆኑን አረጋግጡ።

እኔ በተማሪ ቪዛ ስለነበርኩ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አልችልም፤ እሱም ግቢው ውስጥ። ቤተ መጻሕፍቱ የምሥራቅ እስያ ክፍል ውስጥ መጻሕፍት መደርደር ጀመርኩ። ደመወዙ ከጉድጓድ አላወጣኝም፤ የቀረውን ከዘመድ ተበድሬ ሞላሁት።

በተማሪ ቪዛ ላላችሁ ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ የቀረ ነገር አለ። ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የ12 ወር የሥራ ፈቃድ በየዲግሪ ደረጃው ነው። ባችለሩን ጨርሶ የወጣ ሰው አንዴ ይጠቀምበታል፣ ማስተርሱን ሲጨርስ እንደገና። ሁለቱን አጣምሮ በአንድ ቀን የሚመረቅ ሰው የመጀመሪያውን አያገኘውም። የእኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱን ዲግሪ የሚሰጠው መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ነበር። ሌሎች ደግሞ ባችለሩን በአራተኛው ዓመት ሰጥተው ማስተርሱን ያስቀጥላሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አምስተኛው ዓመት ላይ ሥራ ለማመልከት ስሞክር ግን "ባችለር አለህ?" ሲሉኝ መልሱ "120 ክሬዲት አለኝ" ሆነ። ጥያቄው ስለ ወረቀቱ ነበር፤ ወረቀቱ ደግሞ በእጄ የለም።

ኅዳር ላይ ልተወው ወሰንኩ። ዕዳ አለ፣ ቴሲሱ አልተነካም፣ አንድ ሴሚስተር ተጨምሯል። ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ልነግራቸው ሄድኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና "በማንኛውም ሰዓት ባችለርህን ይዘህ መውጣት እንደምትችል ታውቃለህ አይደል?" አሉኝ። አላውቅም ነበር። ከወጣሁ ሁለቱንም የማጣ ነበር የመሰለኝ። አንድ ገጽ ፎርም አውጥተው ሰጡኝ፤ ከሞላሁት በሚቀጥለው ምረቃ ባችለሬን እይዛለሁ። ፎርሙን ይዤ ወጣሁ፤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። የሚገርመው እሱ እዚያ ከተቀመጠ ወዲህ መሥራት ቻልኩ። እስከ መጨረሻው ሳልሞላው ቀረሁ።

አሁን ወደ ቴሲሱ። የመጀመሪያ ርዕሴ "የጃፓን ዘመናዊነትና ትምህርት" የሚል ነበር። አማካሪዬ መነጽራቸውን አውልቀው "ይሄ ርዕስ ነው ወይስ መደርደሪያ?" አሉኝ። በሁለት ሴሚስተር የሚያልቅ ነገር አምጣ ተባልኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ አጭር ጽሑፍ መረጥኩ። በ1890 የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ዐዋጅ፤ ሁሉም ትምህርት ቤት በሥነ ሥርዓት ይነበብ የነበረው። ጠቅላላው 315 ፊደል ነው። አንድ ገጽ አይሞላም። ሦስት ሳምንት ታገልኩት፤ አልገፋ አለኝ። የተጻፈው በጥንቱ የጽሑፍ ቋንቋ ነው። አማርኛ አውቃለሁ ብሎ የግእዝ ድርሳን የገለጠ ሰው ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ፤ ቃሉን ታውቀዋለህ፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ያመልጥሃል። ፊደሎቹም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከመቃለላቸው በፊት ያሉት ናቸው። የጥንቱን ጃፓንኛ የሚያስተምር ኮርስ ነበረን፤ በሁለት ዓመት አንዴ ነበር የሚሰጠው። የተሰጠው እኔ ኪዮቶ እያለሁ ነው። ከ1945 በፊት ባለው ጃፓን ላይ፣ ወይም በጥንቱ ቻይንኛ በተጻፈ ነገር ላይ ልትሠሩ ካሰባችሁ ይህ ኮርስ መቼ እንደሚሰጥ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆናችሁ ጠይቁ። አራተኛ ዓመት ላይ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

መፍትሔው የመጣው ከመጻሕፍት ድርደራው ነው። አንድ ቀን ስለ ድሮ የመማሪያ መጻሕፍት የተዘጋጀ ትልቅ የፎቶ መጽሐፍ እጄ ገባ። ቆሜ ገለጥኩት። በ1904 መንግሥት ራሱ ማሳተም የጀመረው የአንደኛ ክፍል ማንበቢያ የመጀመሪያ ገጽ ነበር። አራት ድምፅ ብቻ፤ ኢ፣ ኤ፣ ሱ፣ ሺ። ከአጠገባቸው ሥዕል፤ ወንበር፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ድንቢጥ፣ ድንጋይ። እኛ በ"አበበ በሶ በላ" እንደጀመርነው ማለት ነው። ግን ለምን እነዚህ አራት? ሳነብ ገባኝ። በአንዳንድ ክፍለ ሀገር ሰው "ኢ"ን ከ"ኤ"፣ "ሱ"ን ከ"ሺ" ይቀላቅል ስለነበር፣ መንግሥት ሕፃኑን ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ዓይነት አነጋገር ሊያስይዘው ፈልጎ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1902፣ መጻሕፍቱ ሲመረጡ ጉቦ መበላቱ ተጋልጦ ትልቅ ቅሌት ሆኖ ነበር፤ መንግሥት ኅትመቱን ጠቅልሎ የያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ማታውን አልተኛሁም። መጽሐፉ ከዚያ አራት ጊዜ ተቀይሯል። የ1910ሩ በባንዲራ ይጀምራል፤ "ሃታ፣ ታኮ፣ ኮማ"፤ ባንዲራ፣ በክር የሚበር የወረቀት አሞራ፣ የሚሽከረከር መጫወቻ። የ1918ቱ በአበባና በርግብ ይጀምራል። የ1933ቱ "አበበ፣ አበበ፣ የቼሪ አበባ አበበ" ይላል። በ1941፣ ጦርነቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ፣ "ቀይ፣ ቀይ፣ የጠዋት ፀሐይ፣ የጠዋት ፀሐይ" ሆነ። አምስት የመጀመሪያ ገጽ። ሁሉም በካታካና፤ አንደኛ ዓመት ላይ በተማርኩት ፊደል የተጻፈ። አንብቤ እጨርሰዋለሁ!

ለአማካሪዬ ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "ይህን ትጽፈዋለህ" አሉኝ። ገጾቹ ቀላል ቢሆኑም ስለ እነሱ የተጻፈው ጥናት ዘመናዊ ጃፓንኛ ነው፤ እሱን በኤን 2 እየተንገዳገድኩም ቢሆን እወጣዋለሁ። የተጣመረ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ቋንቋውን ወደ ምንጩ ማሳደግ አይችልም። ምንጩን ወደ ቋንቋው ማውረድ ግን ይችላል። ካርታ፣ ፖስተር፣ የልጆች መጽሐፍ፣ ማስታወቂያ፣ ቃለ መጠይቅ። ምንጭ ፍለጋ ላይ ያላችሁ የጃፓን ብሔራዊ የፓርላማ ቤተ መጻሕፍትን ዲጂታል ክምችት አትለፉት፤ የሜጂ ዘመን (ከ1868 እስከ 1912) መጻሕፍት በብዛት በነፃ ይነበባሉ። የመንግሥት ሰነድ ለሚፈልግ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ክፍት የሆነ የእስያ ታሪካዊ መዛግብት ማዕከል አላቸው፤ እሱም በነፃ ነው።

ታኅሣሥ ላይ፣ በአሥራ አንደኛው ሴሚስተር፣ ቴሲሱን አቀረብኩ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ የ1904ቱን ገጽ ጮክ ብለህ አንብብልን አሉኝ። አራት ድምፅ አነበብኩ። ሳቁ። አለፈ።

እንግዲህ ማጣመሩ ይሻላል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መልሴ እንደ ሰዉ ይለያያል ነው። ቋንቋውን ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ያወቀ ሰው ዓይኑን ሳያሽ ይግባ፤ ለእሱ የተሠራ ነው። እንደ እኔ ከዜሮ የጀመረ ግን ሌላውንም መንገድ ይይ። የኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋ ያስተምርና ከዚያ ማስተርሱን ያስቀጥላል። የጃፓን መንግሥትም በኤምባሲዎቹ በኩል ለማስተርስና ለዶክትሬት ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ቻይና ውስጥ ፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ የንቺንግ አካዳሚ የሚባል የማስተርስ ፕሮግራም አለው፤ ቺንግኋ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የሽዋርዝማን ፕሮግራምን ይዟል፤ የሽዋርዝማኑ አንድ ዓመት ነው፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ። አውሮፓ ከሄዳችሁ፣ ኔዘርላንድ ባለው ላይደን ዩኒቨርሲቲ የእስያ ጥናት ማስተርስ በአንድ ዓመት ያልቃል፤ ለምርምር የተዘጋጀው ግን ሁለት ዓመት ነው። ማስተርሱ ራሱ አንድ ዓመት ከሆነ በማጣመር ያተረፋችሁት ምን እንደሆነ ቁጠሩ። ዶክትሬት የምታስቡ ደግሞ ሁለቱንም ዲግሪ ከአንድ ቤት ስታመጡ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁ ሰዎች ያው ሦስቱ መሆናቸውን አትርሱ። እኔን ይህ ጎድቶኛል ማለት አልችልም፤ አማካሪዬ ግን ጓደኞቼን "ሌላ ቤትም እዩ" ይሏቸው ነበር።

ፎርሙን ልትሞሉ ያሰባችሁ በዚህ ሳምንት ለሬጅስትራር አንድ ኢሜይል ላኩ። የባችለር ዲግሪዬ የሚሰጠኝ መቼ ነው? የማስተርስ ተማሪ የምባለው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው፣ ስኮላርሺፔስ ያን ቀን ምን ይሆናል? ለሁለቱም የሚቆጠሩት ኮርሶች በየትኛው ቁጥር የተመዘገቡት ናቸው? መልሱ በጽሑፍ ይምጣላችሁ። እኔ የመጨረሻውን የጠየቅኩት ደረጃ ላይ ያገኘሁትን ሰው ነበር፤ "አዎ፣ አዎ፣ ይቆጠራል" ብሎኝ ወረደ።